ቅጠል ሰፊዋ

ከሌሊቱ አሥራ አንድ፤ ኡሳምባራ ጋራ፤
ጉም ሻይ ያመነዥካል፣ ተኝቶ ከላም ጋራ።
ሼክዋቪ ይቀድማል፣ በትሩን ጭቃው ላይ እየተከለ፣
ሰባ ሁለት ዓመቱ፣ የፊት ጥርሱ የጎደለ፤
ትከተላለች የልጅ ልጁ፣ የአሥር ዓመቷ ምዋናሻ፣
የተጠበሰ ካሳቫ በእጇ፣ ለሆዷ ማስታገሻ።
እኔ መጨረሻ፤
አንገቴን ያጎበጠ አቅራቢ መነጽር፣
በላስቲክ የጠቀለልኩት የወፍ ዝርዝር፤
ሦስት መቶ ስም፣ ከየጎኑ ምልክት፤
አንዷ ብቻ ባዶ፣ አንዷ ብቻ ልክፍት።

ቅጠል ሰፊዋ ናት። ገላዋን አመድ የነካት፣
ምንቃሯ መርፌ፣ ራሷ ዝገት፤
በሸረሪት ድር ቅጠል ከቅጠል ጠቅማ
ጎጆ ትሠራለች አሉ፣ ማንም ሳያይ፣ ማንም ሳይሰማ።
ይህን ስነግራት ምዋናሻ፣ «እናቴም ትሰፋለች» አለች፣
«ዩኒፎርሜን። ግን ይሰማል፤
መርፌው በወጋት ቁጥር ትሳደባለች።»

መንገዱ በማሳ ነው።
ባቄላ፣ ሙዝ፣ ምንጣፍ ላይ የተሰጣ ቀረፋ፣
ውሻ የሚጠብቀው እያንቀላፋ።
ሁለት ባለ ቁር ምንቃር ወፎች በላያችን አለፉ፣
ዳገት እንደያዘው ባቡር እያለከለኩ፣ እየገፉ።
አረንጓዴው ቱራኮ ክንፉን ገለጠ፣ ውስጡ ቀይ ሐር፤
ሻይ ለቃሚዎቹ ቀና አላሉም፤ በኪሎ ነው የእነሱ ቁጥር።
አንዷ ግን ከቅርጫቷ ማዶ፣ «ወፍ ትቆጥራለህ አሉ፤
እሺ፣ ከቆጠርክ በኋላስ? በኪሎ ስንት ይከፍላሉ?»

ሳቅን። ሼክዋቪ አልሳቀም። ከጫካው አፍ ቆሞ ነበረ።
«ያ ሁሉ ማሳ» አለ፣ «ዱር ነበረ።
ጀርመን መጣ፣ ቆረጠ፤ እንግሊዝ መጣ፣ ቆጠረ፤
እኛም ሄል ተከልን፤ ሄሉ ሲደክም ቅርንፉድ፤
ቅርንፉዱ ሲረክስ፣ ምን ይደረግ፣ ግንድ።
ሃያ ዓመት መጋዝ ገፋሁ። በጣልኩት ዛፍ ላይ
ስንት ጎጆ እንደነበር አላውቅም፤ ማን ሽቅብ ሊያይ!»

ከዚያ ወደ ውስጥ። ሐረግ፣ ገብረ ጉንዳን፣ ጨለማ።
አንድ ዛፍ ወድቆ የከፈተው፣
ምጣድ የማያህል ሰማይ።
«እዚህ ናት» አለ። ጠበቅን። ላቤ ቀዘቀዘ።
አንድ ሰዓት። እግሬ ደነዘዘ።
አንድ ሰዓት ተኩል።
ድንገት ከጀርባው፣ ከሐረጉ ጥልፍልፍ፣
ብርጭቆ በመርፌ እንደነኩት ያለ ድምፅ፣
ቀጭን፣ ከፍ፣ ደግሞ ከፍ።
ሼክዋቪ ንቅንቅ አላለም።
ምዋናሻ ክርኑን ነካችው፣
ሁለት ጊዜ፣ በጣቷ ጫፍ።
ያኔ ነው ጣቱን የቀሰረው፣ ፊቱ የበራው፦
«ይኸው! ሰማሃት?»

«ቀጫጭኑን አይሰማም» አለችኝ ኋላ፣ በሹክሹክታ፣
«ሁለት ዓመቱ። ነጎድጓድ ይሰማል። ዶሮ ይሰማል።
እኔን ይሰማል።
ለሌሎቹ እንግዶች እንዳትነግር።»

እኔም አላየኋትም።
ነፋስ ሳይኖር አንድ ቅጠል ተነቃነቀ፤ ያየሁት ያን ነው።
ዝርዝሬ ላይ ላልታየች ወፍ አንዲት ፊደል አለች፤
«ሰ» ማለት፣ ተሰማች።
እስክሪብቶዬን አወጣሁ። ማን ሰማት ልበል?
መልሼ ኪሴ ከተትኩት።

ስንመለስ፣ ቅርንፉዱ ጥላ ሥር፣ ዓይኔን ሳያይ፣
«መጨረሻው ላይ» አለኝ፣ «አሁንም ከፍ ትላለች ወይ?»
አፏጨሁለት፤ እንደ ተበሳ ቱቦ።
ምዋናሻ በሳቅ ፈረሰች።
«አይ» አለ ሽማግሌው፣ «አይደለም እንዲያ።»
በትሩን ዛፉ ላይ አስደገፈ፣
ከንፈሩን አሞጠሞጠ፣
የጎደለውን ጥርስ በምላሱ ደፈነ፣
ወጣች፣ ቀጭን፣ ሳትሰበር፣ ጫፏ ሽቅብ።

ልጅቷ መሳቋን ተወች።
ክርኑን ነካችው።
ሁለት ጊዜ።