ናሙና ዐሥራ ሰባት

ፎርሙ ላይ “የዘር ገንዘብ” ብሎታል ዕብራይስጡ።
ለአባቴ ባማርኛ ስነግረው፣ ገና ከመቀመጡ
ዓይኑ በራ፦
“ዘር ሊሰጡሽ? የምን ዘር? መሬቱስ የታለ?
እኛ አገር ዘር የሚያበድር ማሳውን አይቶ ነው” አለ።

“ገንዘብ ነው አባ፤ ስድሳ ሺህ ሰቅል፤
ሐሳብ ገና ሳይበቅል
የሚሰጥ።”
“ታዲያ ዘር ነዋ!”

ሐሳቤ እንዲህ ነው። የኦፋኪም ልጅ ነኝ፣ አራተኛ ፎቅ፣
በረንዳው ጠባብ። ማታ ማታ፣ ከሥራ ሲመለስ ስጠብቅ፣
ሱሪውን ተቀብዬ የማራግፍ እኔ ነበርኩ።
ከላስቲክ ቤቱ፣ ከቲማቲሙ፣ ከሚረጨው መድኃኒት
በሱሪው እግር ተቀምጦ የመጣው ነጭ ዱቄት
በመብራቱ ብን ሲል ያምር ነበር። በእጄ እየቀዘፍኩ
ስንቱን ተነፈስኩት፣ በስንቱ ሳቅሁ፣ አልቆጠርኩ።

አሁን ቤርሳቤህ ነኝ፤ ላቦራቶሪው ምድር ቤት፣ መስኮት የለውም።
ጥያቄዬ ግን ከበረንዳዋ ፈቀቅ አላለም፦
ያ ዱቄት ከማሳው ወጥቶ፣
አውቶቡስ ተሳፍሮ፣ ደረጃ ወጥቶ፣ ምንጣፍ ላይ ተኝቶ፣
የሚድኸውን ሕፃን መዳፍ ያገኛል ወይ? ካገኘስ ምን ያህል?

ትልቁ ፈንድ ሁለቴ መለሰኝ። “ቅድመ ውጤቱስ?” ይላል።
ለውጤት ገንዘብ፣ ለገንዘብ ውጤት፤
ዋና ሳትችል ውኃ እንዳትነካ እንደማለት።

ትንሹ ኮሚቴ ግን፣ አምስት ሰው፣ አንድ ፔርሙዝ ሻይ፣
ሃያ ደቂቃ ሰጠኝ። ፕሮፌሰር ጽላ መነጽሯን ወደ ላይ
ሰቅላ፣ “ለምን ሱሪ? ለምን ደም፣ ለምን ሽንት
አይሆንም?” አለችኝ።
“ሱሪ መርፌ አይፈራም” አልኩ።
ሳቁ። ግማሹን ፈቀዱት።

ሠላሳ ሺህ። ደብዳቤውን ይዤ ሳጉረመርም፣
“ዘር ሲያንስ ማሳው ይጠባል እንጂ ዘሩ አይሳሳም”
አለኝ አባቴ፣ ካንገቱ ቀና ሳይልም።

ከሰማንያ ቤት ወደ አርባ ወረድኩ።
አርባ የወረቀት ከረጢት ገዛሁ፣ ቁጥር ለጠፍኩ፣
በየሞሻቩ ዞሬ በአራት ቋንቋ ለመንኩ፦
“አትጠቡት። እባካችሁ። እንዳለ።”

በሳምንቱ ሰበሰብኩ።
የታይላንዱ ፕራሰርት ሱሪ ተተኩሷል፤
እጥፋቱ እንደ ካራ ቀጥ ብሏል።
የራሃቱ አውዳ ሽቶ ነስንሶበታል፤
“ለዶክተር እንዴት ያደፈ ልስጥ?”
ዘጠኝ ከረጢት ከሸፈብኝ፣ ከአርባው ውስጥ።
ዐሥራ ሰባትም ጭምር። ከፈትኩት፤ የሳሙና ሽታ፣
ጉልበቱ ላይ እራፊ፤ የሰፋኋት እኔ ነኝ፣ አንድ የክረምት ማታ።

ደወልኩለት። “አትጠበው አላልኩህም?”
“ልጄ፣ ዩኒቨርሲቲ ድረስ እድፌን ልላክ?”
መልስ አጣሁ። ሰው ቆሻሻውን አምጣ ሲባል
መጀመሪያ የሚያስበው ስሙን ነው፤ ይህን ፎርሙ አይጠይቅም፣
እኔም አልጠየቅሁም ነበር።
በሰንጠረዡ ትይዩ “ባዶ” ብዬ ጻፍኩ።

ለሁለተኛው ዙር ራሴ ሄድኩ፤ ኦፋኪም፣ ሲመሽ።
አባቴ ደረጃው ላይ ነው። በሩ ተከፍቷል፤ አልገባም።
ሱሪውን አውልቆ፣ ሳያራግፍ፣ ሳያጥፍ፣
ከረጢቱ ውስጥ ከቶ አፉን ጠቅልሏል። እሱ በውስጥ ሱሪ፣ በካልሲ፣
በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ ግርማ፣ ግድግዳ ተደግፎ።
ጎረቤቷ ፎርቱና ቆሻሻ ልትጥል ወጥታ
“ተገኘ! አበድክ?” ብትለው፣
“የልጅ ልጆቼ ምንጣፍ ላይ ናቸው” አላት፤
“የዚች ውጤት እስኪወጣ አልጠብቅም።”

ፎርቱና እስከ ታች ድረስ ሳቀች። እኔም።
ይህ ከሪፖርቱ አይገባም። ናሙናው አንድ ሰው ነው፣
ማነጻጸሪያ የለው፣
ተመራማሪዋም ልጁ ናት።
ከረጢቱን ተቀበልኩት። እስክሪብቶዬን አወጣሁ፦
ዐሥራ ሰባት፣ ለ።