መጋረጃው በአሥር ሰዓት

ኤመሎርድ፣ ሐምሌ። ፀሐይዋ እስከ ምሽት አራት አትጠልቅም፤
ትናንት ባሕር በነበረ ሜዳ ላይ ሌሊት ለመምጣት አይቸኩልም።

በአሥር ሰዓት ግን ፎፕከ ይመጣል፣
ጥቁሩን መጋረጃ በገመድ ይስባል፤
ቃል ሳይወጣው፣ በሐምሌ መካከል
ወደ መስታወቱ ቤት ጥቅምትን ያስገባል።

የድንቹ ቅጠል ይታለላል።
"ቀኑ አጠረ" ይላል፤
ጓዳው ገብቶ አንዲት ፕሮቲን ይሠራል፣
ከስኳሩ ጋር በአንድ ቦይ ቁልቁል ይሰዳታል።

አበባ ከምትጠራው ጋር የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤
መልካቸው ቢመሳሰልም ለየቅል ነው መንገዳቸው፤
ያቺ ጫፍ ወጥታ እንቡጡን "ፍካ" ስትል በአደባባይ፣
ይህቺ ትወርዳለች፣ ማንም ሳያይ።

ከታች፣ በጨለማው፣ ቀጭን ነገር ይሄዳል።
ሥር እንዳይመስላችሁ። ግንድ ነው፣ ብርሃን የዘነጋ፣
ጫፉን እንደ ከዘራ እጀታ ያጎነበሰ፣
አፈሩን እየዳበሰ፣
የት እንደሚያድር ያላወቀ መንገደኛ።

እሷ ትደርስና "በቃህ" ትለዋለች።
የሚያስረዝመው ሆርሞን ይጎድላል፣ እግሩ ይታሠራል፤
በቁመት ይከፈል የነበረው ሴል በጎን ይከፈላል፤
ከዘራው ሆድ ያወጣል፤
ስኳሩ ይመጣል፣ ይመጣል፣
ስታርች ሆኖ፣ ቅንጣት በቅንጣት፣ ነጭ በነጭ ይከመራል።

ሰባተኛው መደብ ላይ የዚያችን መልእክተኛ አፍ ዘግተን ነበር።
እንዴት ያለ ልምላሜ! እንዴት ያለ አበባ! ንብ ሳይቀር ገብቶ ሲዞር።
ቆፈርን፤ ክር። ክር ብቻ።
በደብተሬ ዜሮ ጻፍኩ።
ፎፕከ ክሩን በጣቱ ጠቀለለና
"ደብዳቤ ያልደረሰው" አለ።
በዚያ ሳምንት የሰማሁት ድምፁ ያ ብቻ ነበረ።

ዬልቸ የሞተችው በጥር ነው።
ቀብሯ ላይ አላነባም፤ መንደሩ "ደረቅ ነው" አለው፤
በማግስቱ መጥቶ የውሃውን ቧንቧ ጠገነ፣
የሆዱን በሆዱ አድርጎ።
እኔም ዘጠኝ ወር ሙሉ ላይ ላዩን ሳይ፣
አበባ ስፈልግበት።

ጥቅምት መጣ፣ እውነተኛው። መጋረጃው ተጠቀለለ።
ተመዝኖ ከተጻፈው የተረፈውን ፎፕከ በቆርቆሮ ማሰሮ ቀቀለ፤
አንዱን ለሁለት ሰነጠቀው፣ ትልቁን ግማሽ ሰጠኝ፣
እንፋሎቱ መነጽሬን ጋረደብኝ።

"ዬልቸ" አለ፣ "ቅቤ ታበዛበት ነበር።"

ጨዉን አቀበልኩት።