የዋንዛዋ ሰሌዳ

ይህችን የዋንዛ ሰሌዳ ይስማው ነው የሠራት፣
የደምበጫው አናጢ፤
ከሣጥን የተረፈች ቁራጭ ጣውላ ናት።
ጠርዟን በምስማር ጭሮ ቁጥር ጻፈባት፣
«ከክልል እስኪመጣ የደህናው መለኪያ፣
ለጊዜው ልኪባት።»

ለጊዜው ያልናት ነገር አራት ዓመቷ ነው፤
ያልተኛባት ልጅ የለም፣
አናቱን ከላይ፣ ተረከዙን ከታች አስነክተነው።

ጥጋቡን አስተኛሁት። ስሙ ነው፣ ጥጋቡ።
ቢጫ ላይ አረፈ የክንዱ ጥብጣቡ።
ሁለት ዓመት ሞላው ባለፈው ገብርኤል፤
ቁመቱ ሰባ ሰባት፣
ደግሜ ለካሁት ተሳስቼ እንደሁ ብል።

ደጃቸው ጎተራ፣ ሁለት፣ ሆዱ የተነፋ፣
በቆሎው እስከ አፉ፣ ጤፉ የተደፋ፣
ዶሮ ከነጫጩቱ በሽርክት ሲጋፋ፤
ታዲያ በየት በኩል የልጁ ድርሻ ጠፋ?

«እንቁላሉስ?» አልሁ።
«ቅዳሜ ይሸጣል» አለ አባቱ አንሙት፣
«ቆርቆሮ ጎድሎናል ለአዲሱ ቤት።»
ትሁኔ ዝም አለች። ባሏ ራቅ ሲል ግን፦
«ጾም ነው እኮ እታለም። ድስቴ አንድ ብቻ ናት፤
እንቁላል ካበሰልሁ ሽሮ ልሠራባት?
ቄሱ ምን ይሉኛል? እግዜር ምን ይለኛል?
ሁለት ሳምንት ቀረው፣ ፋሲካ ይደርሳል።»

አባ ይኄይስን ጠየቅሁ።
«ሰባት ዓመት ላልሞላው ምን ጾም አለበት?» አሉ።
«ድስቱስ?» አልኋቸው። ጢማቸውን ዳሰሱ፣
«ድስቱ ግን…» አሉና ወደ ደጀ ሰላም ገሰገሱ።

ገበያ ወረድሁ፤ ክዳን የሌላት የሸክላ ድስት፣
ጡጫ የምታህል፣
«የጥጋቡ» አልናት፤ ለብቻዋ ተሰቀለች ከምሰሶው ጉጥ።
በዓመቱ ለካሁት፤ ሰማንያ ስድስት።

ቁጥሩ ወረዳ ሄደ፣ ከወረዳ ዞን፣ ከዞን ባሕር ዳር።
አዳራሽ ግድግዳ ላይ በብርሃን ታየ አሉ፤
መስመሩ አንድ ጣት ያህል ወርዶ ነበር።
ተጨበጨበ።
አይከፋም፣ አጨብጭቡ፣ እኔም ደስ ብሎኛል፤
በአንዲት ጣት መስመር ውስጥ ስንት ድስት ይገኛል!

ግን ከተምጫ ማዶ አንድ ቤት ነበረ።
ሐምሌ ነው፤ ወንዙ ሞልቶ እንጨት ድልድዩን ሰበረ።
«ሲጎድል እሻገራለሁ» አልሁ።
ይበልጣል ይላል መዝገቤ፣ የልጁ ስም፤
ከስሙ ፊት ለፊት ቁመት የሚጻፍበት
ምንም የለም።

ነሐሴ ማለቂያው ላይ ይስማው መጣ ከቤቴ፣
እርሳሱን ከጆሮው ነቅሎ ቆመ ከፊቴ፦
«ለዚያ ለማዶው ልጅ ጣውላ ልቆርጥ ነው፤
አንቺ ታውቂያለሽ ብዬ… ቁመቱ ስንት ነው?»

አላውቅም አልሁት።
አልለካሁትም።

ሪፖርቱ በጊዜው ሄደ። ምንም አልጎደለውም፤
ያልተለካ ሕፃን አማካዩን አይነካውም።

አሁን ሐምሌ ሲገባ ዳሩ ላይ እቆማለሁ፣
ዋንዛዋን ውኃ ውስጥ ሰክቼ
መጀመሪያ ወንዙን እለካለሁ።
ሰባ ሰባት ሲል እገባለሁ።
ሰማንያ ስድስት ሲልም፣ ቀሚሴን ሰብስቤ፣
እገባለሁ።