ገና «ማ» ላይ

ሙያዬ ማንኳኳት ነው።
የፋሲልን ግንብ በጣቴ አንጓ መትቼ
ድምፁን እሰማለሁ፣ ጆሮዬን ሰጥቼ፤
ላዩ ያማረ ልስን ሆዱ ባዶ ሲሆን
ድንጋዩ ይነግረኛል የተሸሸገውን።

ልጄን ግን አላንኳኳሁም።
ዓይኑ ጤና፣ ጆሮው ጤና፣ ሩጫው የቀሃ ጎርፍ በክረምት፤
«ሰነፍ ነው እንጂ ምን ጎድሎት!»
ይል ነበር የሳሙና በር ጎረቤት።
እኔም አልኩ። ቀበቶም ፈታሁበት።

አራተኛ ክፍል ነው ልሳኑ።
«ሳልኑ» ብሎ ይጽፋል ስሙን፣
አይቶ አይለየውም የራሱን።
«አባዬ፣ ፊደሎቹ ይሄዳሉ» አለኝ አንድ ማታ፣
«እግር አላቸው እኮ፤ ሳነብ ይለዋወጣሉ ቦታ።»
ሳቅሁ።
እሱ አልሳቀም።

መምህርት ትጓደድ ናት ያስጠራችኝ፤
«ስንፍና አይደለም» አለችኝ፣
«አእምሮው ንባብን በሌላ መንገድ ነው የሚይዘው፤
ጊዜ ይስጡት፣ ከእህቱ አያወዳድሩት፣ በጣቱም ይዳስሰው።»
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ድንጋይ የሰማ ጆሮዬ
ምነው ደነቆረ ለአብራኬ ክፋዬ!

ማታ ማታ፣ ለኖራ የነፋሁትን አሸዋ በትሪ ዘርግቼ
«ል»ን በጣቱ ሲያርሳት አያለሁ፣ «ቶሎ በል» ማለት ትቼ።
አንዳንዴ ተናዶ ትሪውን ይደፋል፤
እኔም እቆጣለሁ። ኋላ ያንገበግበኛል።

ትናንት አራዳ ላይ ከአንድ ሱቅ ደጃፍ ቆመ፤
«ጫ…» አለ። ከንፈሩን ነከሰ። ደገመ።
ባጃጁ ጡሩምባውን ይነፋል፣ ሰው ይገፋናል፣
«ምን ይገትራችኋል!» ይለናል።

ይለፍ፣ መንገዱ ሰፊ ነው።
እኛ ገና «ማ» ላይ ነን።