አሥራ አምስተኛው ልጅ

አውቶቡሴ ሲያስነጥስ፣ ገና በማለዳ፣
ጉም ሳይነቃነቅ ከሮዶፒ ጓዳ፣
«አንድ» ብዬ ጀመርኩ። ፈይም ቀድሞ መጣ፣
ጣቱ በትምባሆ ሙጫ እንደ ጠቆረ፣ ወተቱን ሳይጠጣ።
ቀጥለው መንትዮቹ፣ ከላይኛው ሰፈር፣
በአንድ የዋና መነጽር ሲጓተቱ እስከ በር።
ራዶይ ኳሱን አቅፎ፣ ኳሱ ግን ተንፍሶ፤
«እዚያ እንነፋዋለን» አለኝ፣ ሳልጠይቀው፣ ደርሶ።
ከወፍጮ ቤቱ ማዶ ዞርኒጻ፣ አሥራ ሦስት ዓመቷ፣
ቃሏ እንደ ስኳር የተወደደ፣ እንደ ሰኞ ሱቅ ዝግ ፊቷ።
እናቷ ጀርመን አገር እንጆሪ ትለቅማለች፣
እሁድ እሁድ ማታ በስልክ ትመጣለች።

ስድስት መንደር ዞሬ፣ ስድስት ጊዜ ቆሜ፣
በመስተዋቱ ቆጠርኩ፣ ደግሜ ደጋግሜ፦
አሥራ አራት።
የማዘጋጃ ቤቱ ደብዳቤ፣ ከመሪው በላይ የሰካሁት፣
ባነበው ባነበው ያንኑ ይላል፦ ከአሥራ አምስት
ልጅ ካነሰ
ካምፕ የለም፤ በጀቱም ወደ መጣበት ይመለስ።

ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ ዘንድሮ ዘጠኝ ዓመቱ።
ሽመላ ጎጆ ቀልሳለች ከጭስ ማውጫው አናቱ፤
ሰሌዳው ላይ የአንድ አስተማሪ እጅ፦ «ነገ የምናነበው...»
ነገም ሳይመጣ፣ ጠመኔውም ሳይጠፋ፣ እንዲያው እንዳለ ነው።
የበሩ ማጠፊያ ግን አይጮኽም። ቅዳሜ ቅዳሜ
ስታመን ዘይት ያጠጣዋል፤
ጡረታ የወጣው ዘበኛ፣ ሰባ አንድ ዓመት ሞልቶታል።
ቁልፉን ከወገቡ ፈትቶ የሚያውቅ አይመስልም፤
ማንም አልጠየቀው፣ እሱም አልመለሰም።

በእኩለ ቀን ወይዘሮ ፔንካ መጣች፣ መዝገቧን አንግባ፣
ቆጠረች፤ ደግማ ቆጠረች፤ ደጁን አየች፣ ምናልባት አንድ ቢገባ።
ያኔ ስታመን ቆቡን አወለቀ።
«ስታመን ኢልቼቭ» አለ፣ ጉሮሮውን ጠራርጎ፤ «መዝግቢኝ።
ይህን ሁሉ ዘመን ግድቡ ዳር ስኖር ዋና አላውቅም፤ አስተምሩኝ።»
ልጆቹ ሳቁ። ፔንካ አልሳቀችም።
ዕድሜ በሚለው ሳጥን ውስጥ ሰባቱንና አንዱን
አገላብጣ ጻፈች፦ አሥራ ሰባት።
እጇ ስቶ ነው፤ ብጠየቅ እምላለሁ።

ከዚያ በኋላማ ሐምሌ እንደ ደነበረ ፈረስ ሮጠ።
ከማዳበሪያ ከረጢት የሠሩት ካይት ሽቦ ላይ ተሰቅሎ ቀረ፤
የጫካው ፍሬ የሁሉንም ምላስ ሰማያዊ ቀባ፤
ፈይም ለእንቁራሪቶቹ ስም አወጣ፣ የአንዷን ስም «ፔንካ» አለ፣
እባካችሁ እንዳትነግሯት።
የራዶይ ኳስ አልተነፋም። ተንፍሶም ግብ ገባ።

ግድቡ ላይ ግን ስታመን፣ እስከ ጉልበቱ ገብቶ፣
እንደ ጥድ ግንድ ይቆማል፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ።
አስተማሪው ዞርኒጻ ናት።
«ሆድህን ለሰማይ ስጠው» ትለዋለች፣ «ጆሮህን ለውሃው፤
አትጨብጠው። የሚጨብጠውን ነው የሚያሰምጠው።»
ይሞክራል። ይሰምጣል። ያስላል። ደግሞ ይሞክራል።
ነገሩ የገባት በዘጠነኛው ቀን ነው፦
«ቁልፉስ?» አለችው።
ለካ ከነቁልፉ ነበር ውሃ የሚወርደው!
ብረቱን መዳፏ ላይ ሲያኖር እጁ ተንቀጠቀጠ፤
ከዚያ በጀርባው ተኛ፣ ነጭ ጸጉሩ እንደ አረፋ ተበተነ፣
ውሃውም፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ ተሸከመው።
ከዳር ሆነን ቆጠርንለት፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት...
የማታ የጠዋት ቆጣሪው እኔ፣ ቁጥር ጠፋብኝ።

የመጨረሻው ማታ በየመንደሩ ደጅ እቀንሳለሁ፤
መንትዮቹ ተኝተው ነበር፣ በየተራ ቀሰቀስኳቸው።
ዞርኒጻ መጨረሻ ወረደች፣ እርጥብ ፎጣዋን ረስታ፤
«ለከርሞ በደረቱ ይዋኛል» አለችኝ፣ በሩን ይዛ ለአፍታ።
ይህን ያህል ቃል ከአፏ ሰምቼ አላውቅም።
ስትራመድ ኪሷ ውስጥ ብረት ተንቃጨለ።
ሰማሁ።
ምንም አላልኩም፤ ሞተሬን አስነሳሁ።