ወጥቶ አደር

ከዠዝካዝጋን ወዲያ ሜዳው ጫፍ የለው፣
ውርጭ ነው የዘራው፣ ነፋስ ነው ያጨደው።
ቱሌገን ሞተሩን ያዳምጣል ቆሞ፣
ከመሣሪያው ቁጥር ጆሮውን አስቀድሞ።
ስድሳ አንድ ሞላው። ሄሊኮፕተሩም
ከሱ ጋር አርጅቷል፤ ግን አይናገሩም።

ሬዲዮው አጓራ፦ «ጃንጥላው ተከፈተ!»
ከደመናው በላይ አንድ ፍም ታየ፣ ጠፋ፣ ደግሞ ተጎተተ፤
ከዚያ ነጭና ብርቱካን፣ እንደ ሰፊ ቀሚስ
ቁልቁል ሲንሳፈፍ፣ ሲነፋ፣ ሲተነፍስ።

ከኋላው ወንበር ሥር ቃሬዛ ተጣጥፏል።
ቃሬዛ ያውቃል እሱ።

ያኔ፣ በኩንዱዝ፣ በሃያ ሁለት ዓመቱ፣
ቃሬዛ ነበረ የዕለት ጭነቱ።
አቧራ ላይ ወርዶ፣ ሞተር ሳያጠፋ፣
ሦስት ደቂቃ ነው፤ ካለፈ፣ የለም ተስፋ።
ልጆች ይጭኑበታል፣ ጢም ያላበቀሉ፤
«ውኃ» የሚሉ፣ «እማ» የሚሉ፣ ምንም የማይሉ።

ከዚያ ያተረፈው ብዙ አይደለም፦
እጅ እንዳይንቀጠቀጥ፣ ድምፅ እንዳይጨምር፣
ከመፍራት በፊት መቁጠር።
ቀድሞ ነዳጅ፣ ቀጥሎ ነፋስ፣ ቀጥሎ ሰው።
ልብ ለማታ ይቆይ።

ዛሬም አቧራ ላይ ወረደ።
የከሰለው ብረት በሣሩ መሃል
ተጥዶ እንደተረሳ ድስት ያጨሳል።
ሲያርፍ የጨፈለቀው አሪቲ ሸተተ፤
መጀመሪያ የወጣው ሰውዬ ሽታውን ሳበው፣ ደገመው፣
ዐይኑ እንባ ሞልቶ ሣቀ።
ግሌብ ይባላል፤ ሻለቃ ነበረ፣ የጄት አብራሪ፣
አሁን ግን ሰባት ወር ሙሉ የባዶ ሰማይ አዳሪ።
ከኋላው ኢንግሪ፣ የበርገን ሴት፣ የአፈር ሊቅ፣
ጠብመንጃ ነክታ የማታውቅ።

ሁለቱም መቆም አቃታቸው።
እግር የሚባለውን ነገር ረስተውታል።
አራት አራት ሰው አንሥቶ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው።
ቱሌገን የግሌብን ጀርባ ሲደግፍ፣ ክንዱ ዐወቀ፦
ይህ ክብደት ያ ክብደት ነው፣ የኩንዱዙ፤
ልዩነቱ፣
ይሄኛው ፖም ጠየቀ።

እኔ በምጽፍበት ቋንቋ፣ ሽማግሎች ሲፈቱት፣
ወታደር ማለት ወጥቶ አደር ነው፤
መብራት ሳያጠፋ የሚጠብቀው ሰው ያለው።
ቱሌገን ቃሉን አያውቅም፤ ኑሮውን ግን ኖሮታል።
ግሌብ ሁለት ጊዜ ወጥቶ አደረ፦
አንዴ ከቦምብ ጋር፣ አንዴ ከከዋክብት፤
የቱ እንደሚረዝም አልነገረንም።
ኢንግሪም፣ መለዮ ሳትደፋ፣ ወጥታ አድራለች።

ማታ፣ ካራጋንዳ፣ የልጅ ልጁ ዛውሬ
ወተት የገባበት ሻይ አጠገቡ አስቀምጣ፣
«አያቴ፣ እኔም ወደዚያ መሄድ እፈልጋለሁ» አለችው።
«መጀመሪያ ግን የግድ ወታደር መሆን አለብኝ?»

ራውሻን ሳህን ማጠቧን አቆመች።
ቧንቧው ብቻ ይፈሳል።
ስለ ቆራጥነት ሊናገር አሰበ፣ ስለ ሥነ ሥርዓት፣
በበዓል ቀን ከመድረክ እንደሚባለው፤
አፉ እምቢ አለው።
ደረቱ ላይ ኒሻን የሚሰካበት ኮት
ከቁም ሣጥኑ ውስጥ ዝም ብሎ ያዳምጣል።

«መቁጠሩን እኔ አስተምርሻለሁ» አላት በመጨረሻ።
«ትምህርቱን ውሰጂ። ክፍያው ተከፍሏል፤
ደረሰኙን ግን አትጠይቂኝ።»

ደብተር አመጣች። ጻፈላት፦
አንደኛ ነዳጅ። ሁለተኛ ነፋስ።
ሦስተኛው ላይ ብዕሩ ቆመ፤
«ሰው» ብሎ ጽፎ አሠመረበት፣
ወረቀቱ እስኪቀደድ አሠመረበት።

«ልብስ፣ አያቴ? ስንተኛ ነው?»

«እሱ ወጥቶ አደር ነው» አላት።
«ሲመሽ ይመጣል። በሩን አትዝጊበት።»