ደ ወይስ ኸት

ከበላዬ ባለው ወለል፣ ዴቬንተር ላይ፣ ወንዙ ዳር፣
ሄስተር ፒካርድ ሌሊት ሌሊት ትታገላለች ከቃል ጋር።
ከሀል ወደብ ነው የመጣች፣ ጡረታዋን ተመርኩዛ፣
ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ሽፋን አልባ መዝገበ ቃላት ይዛ።
መምህር የለ፣ ክፍል የለ፤
በየዕቃዋ ላይ ቢጫ ወረቀት ተንጠለጠለ፤
በሩ «ደ»፣ መስኮቱ «ኸት»፤
ወንበሩስ? ጠፍቷት፣ ቆማ አደረች ወንበሩ ፊት።

«የአክስት ልጅ ነው፤ ከእንግሊዝኛ ጋር ያዛምደዋል ሥጋ፣
ምን ያስፈራል?» ብላ ነበር፣ በመጣችበት በጋ።
የአክስት ልጅ ግን ያታልላል፤
ማዘዣዋን ብታነብለት መድኃኒት ቀማሚው «ስሊም» ብሏታል።
«ቀጭን ነሽ» ያላት መስሏት ደረጃውን በዳንስ ወጣች፤
ማታ መዝገቡን ብትገልጥ፣ «ብልህ» ኖሯል። ተቀመጠች።

ከሁሉ የከፋው ዳቦ ቤቱ ነው።
አንድ ዓረፍተ ነገር እንደ እንቁላል በመዳፏ ይዛ ሄዳ፣
እንዳይሰበር ተጠንቅቃ፣ በልቧ ስትደግመው ማልዳ፣
ገና ግማሹ ሳይወጣ፣ ሻጯ ፈገግ ብላ
በእንግሊዝኛ መለሰች፤ የሄስተር ፊት ቀላ።
እንቁላሉ ተሰበረ።
ከተማው ሁሉ በደግነቱ አፏን ቀበረ።

እኔ ደግሞ እንግሊዝኛ አላውቅም፤
ከ«ጉድ ሞርኒንግ» ወዲያ አልዘልቅም።
የኮሌጅ ኮሪደር ስወለውል ነው የለቀምኩት ሆላንድኛ፤
የባልዲ ቋንቋ፣ የ«ተጠንቀቅ፣ ያንሸራትታል»፣ የሌሊት ተረኛ።

አንድ ቀን ደረጃው ላይ ቁልፏ ጠፋባት፤
በእንግሊዝኛ ብትነግረኝ ትከሻዬን ሰበቅኩባት።
ቆም ብላ አየችኝ፤ ፊቷ እንደ መብራት ቦግ አለ፤
ለካ እንግሊዝኛ የማይገባው አንድ ሰው እዚህ ከተማ አለ!
«ቁልፍ... የኔ... ሄደች» አለች።
«ቁልፍ እግር የላትም» አልኩ፤ «ጠፋች።»

ከዚያ ወዲህ ማክሰኞ ማክሰኞ እሷ ቤት ነን።
ያን የጉሮሮ ድምፅ እኔ ነኝ ያቀበልኳት፣
ሑመራ ሳለሁ ከትግርኛ ተናጋሪ ጎረቤት የለመድኳት።
«የዓሣ አጥንት እንደተሰነቀረበት ሰው» እላታለሁ፤ ኸ ትላለች፣
ኸ፣ ኸኸ፣ ከዚያ ሳል፤
ፊት ለፊት ያሉት ባልቴት ሐኪም ሊጠሩ በራቸውን ከፈቱ አሉ።

ወንበሩ «ደ» ይሁን «ኸት»፣ እስካሁን አልተስማማንም፤
እሷ አንዱን፣ እኔ ሌላውን፤ መዝገቡንም አንገልጥም።
ተቀምጠንበታል።